ስለ ረጅም ተራራ መውጫ ፈቃድና ስለ ፓርክ መግቢያ ገንዘብ



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ተራራ ነው፤ ይኸውም ተራራውን ለመውጣት ስለሚጠየቀው ፈቃድና ስለሚከፈለው ገንዘብ ነው። በደጋ መንደር የሚኖር ገበሬ «እግዚአብሔር የፈጠረውን ተራራ ለማየት ገንዘብ የሚቀበል ማን ነው? ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ በመንደሩ ያለ መምህር መልሱን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ፈቃድና ዋጋ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ፈቃድ «ግባ» የሚል ቃል ነው፤ ዋጋ ግን ለጥበቃው የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሁለቱም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደሉም። ደብር የሚለው ቃል በግዕዝ ተራራ ማለት እንደ ሆነ ቀለም የቆጠረ ሁሉ ያውቃል፤ ደብረ ዳሞንም ለመውጣት የሚሻ ሰው ከገደሉ ሥር ቆሞ ይለምናል እንጂ፥ መነኮሳቱ ሳይፈቅዱ ጠፍሩ አይወርድለትም። ስለ ዋጋውም ቢሆን የቀድሞ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። ነገር ግን የኬላ ቀረጥ በዕቃው ላይ የሚጣል ሲሆን፥ የፓርክ ገንዘብ በሰውየው ራስና በሚቆይበት ቀን ይቆጠራል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሕይወትን እስከ መንካት የሚደርስ መሆኑን ወደ ፊት እነግራችኋለሁ።

አሁን ስሜንን እንመልከት። ብዙ ሰው ራስ ዳሸን የሚለው ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በኢትዮጵያም ከእርሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ራስ ደጀን ግን በመጀመሪያው ክልል ውስጥ አልነበረም፤ የገባው ክልሉ በኋላ በሰፋ ጊዜ ነው።

ሊወጣ የሚፈልግ እንግዳ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ደባርቅ ከተማ ሄዶ፥ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስሙን ያስጽፋል፤ የሚቆይበትን ቀን ይናገራል፤ የመግቢያውን ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል። የውጭ አገር ሰው ከአገር ተወላጅ አብልጦ ይከፍላል። ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፥ እነርሱ ስካውት የሚሉት፥ አብሮት ይሄዳል። መንገድ መሪውን፥ በቅሎውንና በቅሎ ነጂውን፥ ወጥ ሠሪውንም በሌላ ሒሳብ ይቀጥራል። እንግዲህ ገንዘቡ በሁለት መንገድ እንደሚሄድ አስተውሉ። የመግቢያው ወደ መንግሥት ሣጥን ይገባል፤ የበቅሎውና የነጂው ግን ለመንደሩ ሰው እጅ በእጅ ይደርሰዋል።

ወደ መንግሥት ሣጥን የገባው ምን ይሠራል ቢሉ፥ ዋልያን፥ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን የሚጠብቁት ሰዎች ደመወዝ ይሻሉ፤ መንገድም ይጠረጋል። በ2011 ዓ.ም. በጋ በስሜን ጓሳና አስታ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ፥ የአገሩ ሰው ቅጠል ይዞ እየተዋጋ ሳለ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች ለርዳታ መጥተው ነበር። ለእንዲህ ያለው ቀን አስቀድሞ የሚዘጋጀው በዚህ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በሆነ ጊዜ እንግዳው ቀረ፤ ዋልያው ግን ያን ጊዜም ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ጥበቃን በእንግዳ ኪስ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ለእኔ ብልኅነት አይመስለኝም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ተጽፎ ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ እርሻና ግጦሽ መብዛቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች፥ ከ400 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች፥ ርስታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እንግዳው ለጥቂት ቀን ብር ከፈለ፤ የግጭ ሰው ግን የከፈለው የአባቶቹን መሬት ነው። በመዝገብ የተጻፈው የፊተኛው ብቻ ቢሆን ሒሳቡ ጎደሎ ነው። ካሣም ቢሰጥ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ የተራራው ገቢ ግን በየዓመቱ የሚገባ ነው።

የኔፓል መንግሥት ይህነን በሕግ አስቦበታል። በዚያ አገር ከፓርኩ ገቢ ከመቶ 30 እስከ 50 የሚሆነው በዙሪያው ላሉት መንደሮች ልማት እንዲውል ተደንግጓል። ይህ የሚባለው ስለ ፓርኩ ገቢ ነው። ከፍታው 8849 ሜትር የሆነውን ኤቨረስትን ለመውጣት የሚጠየቀው ፈቃድ ሌላ ወረቀት ነው፤ ለውጭ አገር ሰው በጸደይ ወራት 11000 የአሜሪካ ዶላር የነበረው በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 15000 ሆኗል። ሁለቱን ወረቀት አንድ አድርጎ የሚናገር ሰው «መንደሩ ይህን ያህል ደረሰው» ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

አሁን ስለ ቀን ቆጠራው ልናገር። ክፍያው በቀን ሲሆን እንግዳው ቀን ለመቆጠብ ይቸኩላል። የከፍታ ሕመም ደግሞ የሚይዘው የቸኮለውን ነው። ሐኪሞች ከ3000 ሜትር በላይ የማታው ማደሪያ ካለፈው ሌሊት ማደሪያ ከ500 ሜትር አብልጦ እንዳይወጣ ይመክራሉ። ደባርቅ ከ2800 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ጨነቅ ግን ወደ 3600 ይደርሳል። በመኪና በአንድ ቀን ከዚያ ወጥቶ የሚያድር ሰው ራሱ ቢፈልጠውና ቢያስመልሰው አያስደንቅም። ሕመሙ ከበረታ በሳንባና በአንጎል ውኃ ይቋጥራል፤ መድኃኒቱም ሳይዘገዩ መውረድ ነው። 5895 ሜትር ከፍታ ባለው በኪሊማንጃሮም ክፍያው በቀን ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ያነሰው ሰው አጭሩን ጉዞ ይመርጣል። ታንዛኒያ ግን ፈቃድ ያለው መንገድ መሪ የሌለውን አታስወጣም፤ ለነፍስ ማዳኛ የሚሆን ክፍያም ለብቻ ትቀበላለች፤ የተሸካሚው ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥም በበሩ ላይ በሚዛን ይታያል። ይህ የሚዛን ነገር ደስ አሰኝቶኛል፤ በፈቃድ ሕግ ውስጥ ስለ ድኻው ጀርባ መታሰቡ ብዙ ጊዜ አይገኝምና። በእኔ አሳብ ለመልመጃ የሚሆነው አንድ ቀን ዋጋው ቢቀነስ ወይም ቢቀር፥ ሣጥኑ ጥቂት ይጎድልበታል፤ የሚታመመው ሰው ግን ያንሳል።

ሽማግሎች ሆይ፥ ከእናንተ የሚፈለገው ይህ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ የገባውንና የወጣውን በአማርኛ ጽፎ በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት እንዲያስነብብ በትሕትና ጠይቁ። መምህራን ሆይ፥ እናንተም በሒሳብ ትምህርት ሰዓት የእንግዳውን ቁጥር በቀኑ፥ ቀኑንም በዋጋው እያባዙ ልጆቹ ይለማመዱ። በቅሎ ሊጭን የሚሄድ አባት ደረሰኝ ይዞ ሲመለስ፥ ቀኑን፥ የሰዉን ቁጥርና ማኅተሙን አይቶ የሚያነብለት ልጅ በቤቱ ይኑረው።