«ካም» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ በትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር



ለዚህ በዓል ንግግር እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ስለ ትልቅ ነገር ለመናገር አስበን ነበር። በመጨረሻ የመረጥነው ግን አንድ ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ምክንያቱም በዚህ ቃል የተነሣ ዕዳ አለብን። ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከመካከላችን አንዲት ልጅ «ባሕሩ ካም ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሺ ተባለችና «ባሕሩ ዝም አለ» ብላ መለሰች። ሁላችንም ሳቅንባት። ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጅዋን አላወጣችም። ነገሩ ስለ ቈጨን መዝገበ ቃላት ገልጠን የቃሉን ትውልድ መመርመር ጀመርን።

ካም ጸጥ ያለ፣ የረጋ፣ ያልታወከ ማለት እንደ ሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሲጻፍ አራት ፊደል አለው፤ ከነዚህም ሦስተኛው ኤል በተለመደው አነባበብ አይሰማም። ጸጥታን በሚያመለክት ቃል ውስጥ አንድ ፊደል ዝም ብሎ መቀመጡ አሳቀን፤ ይህ ሳቅ እንኳ ማንንም አይጐዳም።

ያስደነቀን የቃሉ ትውልድ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት አባቱ «ካውማ» የሚባል የግሪክ ቃል ነው። የዚህም ትርጉም ጸጥታ ሳይሆን ቃጠሎ፣ ሐሩር ነው! ወደ ላቲን ቋንቋም የገባው በዚሁ ትርጉም ነው። ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ መጽሐፈ ኢዮብን ወደ ላቲን ሲመልስ፣ በምዕራፍ 30 ኢዮብ ስለ አጥንቱ መቃጠል በሚናገርበት ስፍራ ይህንኑ ቃል አግብቶታል።

ታዲያ ሐሩር እንዴት ጸጥታ ሆነ? በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች የበጋ ቀትር ብርቱ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ሥራውን ትቶ ይጠለላል፤ እንስሳውም ወደ ጥላ ይገባል፤ መንደሩ ጭር ይላል። ያ የቀትር ዕረፍት ስሙን ከሐሩሩ ወሰደ። ቆይቶም ነፋስ ሲቆምና ባሕር ሲረጋ ይጠሩበት ጀመር። በጣሊያንና በፈረንሳይ ቋንቋ አልፎ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝኛ ተገኘ። እንግሊዞች የምንጽፍበትን ቀለም «ኢንክ» የሚሉበት ቃልም ከዚያው ከመቃጠል ሥር የወጣ ነው።

ይህ ቃል በሳነቴ ተወልዶ ቢሆን ኖሮስ? ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አምባ ነው፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ፍጥረት የሚሸሸገው በሌሊቱ ውርጭ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አይጦቹ ብቅ ይላሉ፤ በዓለም ላይ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈልም ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ቀይ ቀበሮም በጠራራ ፀሐይ ያድናቸዋል። እንግዲህ የእኛ ደጋ ለጸጥታ ስም ቢያወጣ ከብርድ እንጂ ከሐሩር አይወስድም ነበር። በዚያው መንገድ የሐረናን ጫካ ወርዶ ደሎ መና የደረሰ ሰው ግን ቆላ ገብቷልና፣ በቀትር የዛፍ ጥላ ሲፈልግ የግሪኮቹን ሐሳብ ያለ መዝገበ ቃላት ያስተውለዋል።

ብዙዎቻችን በቤታችን ኦሮምኛ እንናገራለን። እናቶቻችን ዝም በሉ ሲሉን «ጨል ጄዻ» ይላሉ። ይህ በቁቤ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር አንድ ስለ ሆኑ ዘመዳሞች መስለውን ነበር። ነገር ግን ቁቤ ያንን ፊደል «ጨ» ብሎ ያነበዋል፤ መመሳሰሉ የጽሕፈት ብቻ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ዝምታና ጸጥታ እንዳይምታቱብን እንፈልጋለን። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ስንል እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ዝም አይሉም፤ ይከራከራሉ እንጂ። ዝም የሚለውም መናገር የሚችል ነው። ስለዚህ የባሕሩ ትክክለኛ ትርጉም «ረጋ» የሚለው ይመስለናል።

ሆኖም ጓደኛችን ያለችው ከንቱ አልነበረም። በሸራ መርከብ ዘመን ነፋስ ከጠፋ መርከቢቱ ባለችበት ትቆማለች፤ ቀናቱ ከበዙ ውኃውም ስንቁም ያልቃል። ለዚያ መርከበኛ የረጋ ባሕር ጠርተውት እንደማይመልስ ሰው ነበር። በሳቅን ጊዜ ይህን አላወቅንም።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ መዝገበ ቃላቱን ከእኛ ጋር የገለጠችው እርስዋው ናት። አሁን ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛም በአማርኛም እርስዋ ታነብላችኋለች፤ እኛም ቦታውን ለቀንላታል።