የሜንዴል ሁለት ተክሎች



አንድ ሙከራ ያመንበትን ሐሳብ ሲቃወም ምን እናድርግ? ሐሳቡን እንጣለው ወይስ ሙከራውን እንጠራጠር? ይህን ጥያቄ ከዘር ውርስ ጥናት ታሪክ በተገኘ አንድ ምሳሌ ላስረዳችሁ እወዳለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ከተማ ገዳም የሚኖር መነኩሴ ነበር። በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጠው፥ ክብ ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ ሁሉ ክብ ሆነ፤ በሁለተኛው ግን 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ አገኘ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ሕጉ በሌላ ተክል ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት ሂየራሲየም የሚባለውን ባለ ቢጫ አበባ ተክል አዳቀለ። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነበት፤ የመጀመሪያው ትውልድ ልዩ ልዩ መልክ ያዘ፤ ከዚያ የተወለዱት ግን ሳይለዋወጡ እናታቸውን መሰሉ። ሜንዴል ይህንንም ሳይደብቅ በ1870 አሳተመ።

ካርል ፖፐር በ1934 ባወጣው መጽሐፍ፥ የሳይንስ ሐሳብ ማለት ሐሰትነቱ በሙከራ ሊገለጥ የሚችል ነው ይላል። ችኩል ሰው ይህን ቢሰማ የሜንዴል ሕግ በዚያው ተሻረ ባለ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳዊው ፒየር ዱሄም በ1906 ስለ ፊዚክስ ሲጽፍ እንዳስገነዘበው፥ ሐሳብ ብቻውን ለፈተና አይቀርብም፤ ሳንጠይቅ የተቀበልናቸው ሌሎች ሐሳቦችም አብረውት ይቆማሉ። ከሜንዴል ሕግ ጋር አብሮ የቆመው፥ ዘር ሁሉ ከአባትና ከእናት ይገኛል የሚለው ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠው ሜንዴል በ1884 ከሞተ በኋላ ነው። በ1903 ኦስተንፌልድና ራውንኪየር የተባሉ የዴንማርክ ተክል አጥኚዎች የሂየራሲየምን እምቡጥ ጫፍ ቈርጠው፥ የአበባውን ዱቄት የሚሰጠውንም የሚቀበለውንም ክፍል አስወገዱ። አበባው ግን ዘር አፈራ። ለካ ተክሉ ብዙ ጊዜ ያለ አባት የሚወልድ ኖሮአል!

እንግዲያስ ማንም የወደቀ ሐሳቡን በሰበብ ሊያድን ነውን? የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ሰበብ ራሱ ለፈተና አይቀርብም፤ የዴንማርኮቹ መልስ ግን በስለት ተፈተነ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፥ በቤተ ሙከራ ያገኛችሁት ቍጥር ከመጽሐፉ ጋር አልስማማ ቢላችሁ፥ ቍጥሩን አትፋቁት፤ መጽሐፉንም ወዲያው አትጣሉት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ሳትጠይቁ የተቀበላችሁት ምን እንደ ሆነ ፈልጉ፤ እርሱንም ፈትኑት። ሜንዴል የማይመቸውን ውጤት መጻፉ ለሥራው ነውር ሳይሆን ክብር ነው።