የቆቦ ሶለል ወይስ የላስታ አሸንድዬ?

እሱ፦ በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሐብሩ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ያለፈው ነሐሴ የልጃገረዶች ከበሮ ክርክር ዛሬም አልበረደም። እኔ ዳኛ ብሆን ዋንጫውን ለቆቦ ልጃገረዶች ጨዋታ፣ ለሶለል፣ እሰጥ ነበር።

እሷ፦ ኧረ ወንድም ዓለም! የላስታን አሸንድዬ የት ጥለኸው? ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ፣ ላሊበላ ላይ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ሲወጡ አላየህም?

እሱ፦ አይቻለሁ፣ ያምራል። እኔ የምዳኘው ግን ከበሮውን ነው። የቆቦዋ መቺ ምቱን ስታፈጥነው ጭብጨባውም እስክስታውም አብሮ ይፈጥናል፤ አንዷም ወደኋላ አትቀርም።

እሷ፦ ፍጥነት ብቻውን አያሸልምም። አውራጇ ግጥም ስታወርድ ቃሉ መሰማት አለበት። ለእኔ ጆሮ የላስታዋ መቺ እዚያ ላይ እጇን ታለዝባለች፤ ተቀባዮቹ ሲመልሱ ታደምቀዋለች። ከበሮ ለዘፈን ሲታዘዝ ነው ደስ የሚለው። ደግሞ ይህ ጨዋታ ከቤት ቤት እየተዞረ የሚመረቅበት እንጂ መድረክ ላይ ለደቂቃዎች ታይቶ የሚያበቃ አይደለም።

እሱ፦ የግጥሙን ነገር ተቀብዬሻለሁ። ሰቆጣዎች ግን የእነሱን የልጃገረዶች ጨዋታ አንስተው «ሻደያችንስ?» ማለታቸው አይቀርም።

እሷ፦ ይበሉ እንጂ፣ ይገባቸዋል! የእኔ ፍርድ ግን አሸንድዬ ነው።

እሱ፦ እኔም ከሶለል አልወርድም። አድማጮቻችን፣ ደውሉና ፍረዱን።