የጥርሱ ወረቀት ከቦርሳ ይውጣ

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ተማሪዎች ጤና እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ሰፊ ርእስ ነው። እኔ ግን ሺናኒት ነኝ፤ ሥራዬ ጥርስ ማጽዳትና ስለ ጥርስ ማስተማር ነው፤ ብዙውን ቀን የምውለውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። የማውቀው ደግሞ ስለ አንድ ወረቀት ነው።

ሐኪም ወይም ሺናኒት ክፍል ድረስ መጥታ የልጆቹን አፍ ካየች በኋላ ለወላጅ ወረቀት ትልካለች። በዕብራይስጥ ነው የተጻፈው። "ልጅዎ ሕክምና ያስፈልገዋል" ይላል። ልጁ ይቀበላል፣ አራት ቦታ ያጥፈዋል፣ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፣ በላዩ ላይ ሳንድዊች ይቀመጥበታል። በዓመቱ ተመልሰን ስንመጣ ያው ልጅ፣ ያው ጥርስ ነው፤ ጉድጓዱ ብቻ ሰፍቷል።

"እነዚህ ወላጆች ግድ የላቸውም" የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። ውሸት ነው። ልጁ ትኩሳት ቢይዘው ሌሊት ተሸክማ የምትሮጥ እናት ለጥርሱ ግድ የላትም ማለት አይቻልም። ነገሩ ሌላ ነው።

አንደኛ ነገር፣ እኛ የመጣነው ጥርስ ብዙ ከማያስጨንቅበት አገር ነው። ከኢትዮጵያ ገጠር በመጡ ሰዎች ላይ የኢየሩሳሌም የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርመራ አድርገው ጽፈው ነበር፤ የበሰበሰ ጥርስ ያገኙት ጥቂት ነው። እናቶች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ወገራም ሆነ ደምቢያ ስኳር በየቀኑ የሚቀመስ ነገር አልነበረም። ልጅ የሚበላው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰዉ ሁሉ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ አፉ ውስጥ ነው። ከዚያስ? ከ1999 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን አንዴ መርምረው፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሰዎች ደግመው ሲያዩዋቸው መበስበሱ ጨምሮ አገኙት። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚበላውና የሚጠጣው ነው። ፔቲል በጠርሙስ፣ ሾኮ በከረጢት፣ በፑሪም ሙሉ ቅርጫት ከረሜላ፣ በሐኑካ ሱፍጋኒያ። መፋቂያው ቀረ፣ ብሩሹ ግን በቦታው አልተተካም።

አሁንም "ጥርሱን ትል በላው" የሚሉ አሉ። ትል የለም። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይበሉና አሲድ ይተፋሉ፤ ጥርሱን የሚያሟሟው ያ አሲድ ነው። ለዚህ ነው ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ የሚጎዳው። አንድ ኬክ በልቶ የጨረሰ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ፔቲል ከሚጠባ ልጅ ይሻላል። ጠርሙስ አፉ ውስጥ አድርጎ የሚተኛውንማ ተዉት፤ የፊት ጥርሶቹ ናቸው መጀመሪያ የሚሄዱት። እስከ 2014 ድረስ ደግሞ በዚህ አገር በሚጠጣው ውሃ ላይ ፍሎራይድ ይጨመር ነበር፤ ሳናውቀው ይረዳን ነበር። ያ ቆሟል። አሁን ፍሎራይዱን የምናገኘው ከጥርስ ሳሙናው ነው። ስለዚህ ልጁ ከተቦረሸ በኋላ አረፋውን ይትፋ እንጂ አፉን በውሃ ደጋግሞ አይጉመጥመጥ።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። የብሔራዊ ጤና ዋስትና ሕግ በ1995 ሥራ ላይ ሲውል ልባችንንም ኩላሊታችንንም ሲሸፍን የጥርስ ሕክምናን ከጥቂት ነገር በስተቀር ውጭ ነው የተወው። ጥርስ የግል ሐኪም ጉዳይ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ያስሞላል፣ የሌለው ያስነቅላል። ያን ጊዜ ያደጉ ታላላቆቻችን አሁንም "ጥርስ ሐኪም ውድ ነው" ቢሉ አይፈረድባቸውም። በ2010 ግን የልጆች የጥርስ ሕክምና ወደ ሳል ሀብሪኡት ገባ፤ በመጀመሪያ እስከ 8 ዓመት፣ ከዚያ ዕድሜው እየተጨመረ ሄደ፣ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ 18 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ሆነ። አራቱም ኩፓት ሆሊም፣ ክላሊትም፣ ማካቢም፣ መኡሔዴትም፣ ሌኡሚትም ግዴታ አለባቸው። ምርመራው፣ ማጽዳቱ፣ ፍሎራይዱ በነጻ ነው። መሙላት ወይም የነርቭ ሕክምና ሲሆን ትንሽ ክፍያ አለ። ጥርስ ማቃኛ ሽቦ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ይህን ሁለቱን ሰው ያምታታል፣ "ጠይቄ ሺዎች ሼኬል አሉኝ" ይላል። ምናልባት የጠየቀው የሽቦውን ዋጋ ነው።

እንግዲህ ነጻ ከሆነ ወረቀቱ ለምን ቦርሳ ውስጥ ይቀራል?

ነጻ መሆን ብቻውን አያደርስማ። በጽዳት ወይም በፋብሪካ ሥራ ላይ ያለች እናት ቀጠሮ ማስያዝ አለባት፤ ቶሩ ደግሞ የሚሰጣት በሥራ ሰዓት ነው። ከሥራ ከቀረች የቀኑ ደመወዝ ይቀራል። ልጁን ከክፍል አስወጥታ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ጥርስ ተሞልቶ "ለሁለተኛው ተመለሺ" ትባላለች። ሦስት ልጅ ካላት አስሉት። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ትምህርት ቤቱ የሚመጣው። ልጁ በየቀኑ ያለው እዚያ ነው። ወንበሩ እዚያ ቢሆን፣ ሐኪሙ እዚያ ቢሆን፣ ልጁ አንድ የትምህርት ሰዓት ብቻ ቀርቶ ይታከም ነበር፣ እናትየዋም ከሥራዋ አትቀርም ነበር።

ይህ ሕልም አይደለም። በዚህ አገር ገና መንግሥት ሳይኖር የሀዳሳ ነርሶች ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ሲዋጉ ትምህርት ቤት ድረስ እየሄዱ ነበር የተማሪዎቹን ዓይን የሚያክሙት። ልጆቹ እስኪመጡላቸው አልጠበቁም። ራቅ ብላ ባለችው በኒውዚላንድ ደግሞ መንግሥት በ1921 የትምህርት ቤት የጥርስ አገልግሎት አቋቋመ። ለዚሁ የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በትምህርት ቤቱ ግቢ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ሆነው ይመረምሩ፣ ያጸዱ፣ ይሞሉ ነበር። ልጆቹ ያቺን ክሊኒክ ምን ብለው እንደሰየሟት ታውቃላችሁ? "የግድያ ቤት"! አሁን ሳቃችሁ፣ ግን ቁም ነገር ነው፤ በፍርሃት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኖም ከጥርስ ሐኪም ይሸሻል። ትምህርት ቤት ውስጥ ክሊኒክ ይኑር ስንል እጁ የለሰለሰ፣ ከልጅ ጋር ማውራት የሚችል ሰው ይኑርበት ማለታችን ነው።

እዚህ አገር ዛሬ ያለው እንደየከተማው ነው። አንዳንዱ ኢሪያ የተማሪዎች የጥርስ ክሊኒክ አለው። ሌላው ጋ ያለው ምርመራና ትምህርት ብቻ ነው፤ ያም ማለት ወረቀቷ ብቻ ናት። እኔ ምርመራውን አልንቅም፣ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን አይቶ፣ ጽፎ፣ ልጁን ከነጉድጓዱ ወደ ክፍሉ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው። በየትምህርት ቤቱ ቫአድ ሆሪም ውስጥ ከእኛ ስንት ሰው አለ? ስብሰባው ላይ ስለ ጉዞና ስለ በዓል ሲነሳ፣ "የተማሪዎች ክሊኒክ አለን ወይ? ከሌለን ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ በዓመት ለተወሰነ ቀን ግቢያችን ገብቶ ለምን አያክምም?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይበቃል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

አሁን ለእናቶችና ለአባቶች ሁለት ነገር፣ በትሕትና።

ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ የወተት ጥርስ ይመስላል። አይደለም! ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበት ነው፤ ከሄደ ተተኪ የለውም። ላዩ ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምግብ ይይዛል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ኪታ አሌፍ የገባ ልጅ ካላችሁ ዛሬ ማታ አፉን አስከፍታችሁ እዩት። ስንጥቁን በፕላስቲክ መሰል ነገር መድፈን ይቻላል፤ መርፌ የለውም፣ አያምም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ግግ ነው። አዎ፣ አውቃለሁ፣ በአደባባይ አይወራም። ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ ነጭ እብጠት ታየ ተብሎ ማስወጣት ነበረ። ያ ነጭ ነገር በሽታ አይደለም፣ ሊበቅል የተዘጋጀው የወተት ጥርስ ነው። ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቋሚው የውሻ ጥርስ አብሮ ይጎዳል፤ ተበላሽቶ ወይም ጠሞ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይበቅልም። እዚህ አገር የሚገኙ ሐኪሞች በእኛ ልጆች አፍ ላይ አይተው ጽፈውበታል። እናቶቻችን ያደረጉት ልጃቸው እንዳይሞት ነው፤ ሌላ የሚያውቁት መድኃኒት አልነበራቸውም። ዛሬ ግን ቲፓት ሐላቭ አለ፤ ሕፃኑን እዚያ ውሰዱት።

ስለ ትምህርት ቤት ነርስም አጭር ነገር ልበል። በ2007 አገልግሎቱ ለግል ተቋራጮች ከተሰጠ ወዲህ ነርሷ እንደ ድሮው ሁልጊዜ የምትገኝ አይደለችም፤ ስትመጣ ለክትባት ወይም ለምርመራ ነው የምትመጣው። በእሷ በኩልም ወረቀት አለ። በኪታ ሔት የሚሰጠውን የፓፒሎማ ክትባት ውሰዱ፤ ከ2013 ጀምሮ ለሴቶች፣ ከ2015 ጀምሮ ለወንዶችም ይሰጣል። ከማኅፀን በር ካንሰር የሚከላከል ነው። የወላጅ ፊርማ ሳይመለስ ከቀረ ልጅቷ የክፍል ጓደኞቿ ሲከተቡ ቁጭ ብላ ታያለች። ያውም በቸልታ ሳይሆን ወረቀቱን ያነበበላት ስለሌለ።

ወጣቶች፣ አሁን እናንተ ናችሁ። እናንተ ዕብራይስጡን ታነባላችሁ፣ በኩፓው አፕሊኬሽን ቶር ማስያዝ ለእናንተ የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ፊርማው የወላጅ ነው፤ ንባቡ፣ ስልኩ፣ ቀጠሮው ግን የእናንተ ሊሆን ይችላል። ታናሽ ወንድም ያለው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሻባት በፊት ሊሆን ይችላል፣ ቦርሳውን ይገልብጥ። ከሙዝ ልጣጩ ጋር ብዙ ነገር ይወጣል። ከመካከላችሁ 17 ዓመት የሞላችሁ ደግሞ ለራሳችሁ ቶር ያዙ፤ 18 ሲሞላ ያ መብት ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ያው ጉድጓድ በራሳችሁ ኪስ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የ10 ዓመት ልጅ ለእናቱ አስተርጓሚ ሆኖ ስለ ራሱ ጥርስ ነርቭ እንዲያስረዳ አታድርጉ። የፈራውን ይዘላል፣ ያልገባውን ይፈጥራል፣ እናትየዋም ባልገባት ነገር ላይ ትፈርማለች። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ታካሚውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ስለዚህ "አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ማለት ልመና አይደለም። መብታችሁ ካልተከበረ ወይም ጥያቄ ካላችሁ በኮኻቪት 5400 የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር በአማርኛም ይመልሳል።

ብዙ አወራሁ፣ ቡናውም ሸቷል። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የማኅበሩ አራት ወጣቶች ተቀምጠዋል። እቤት ያገኛችሁትን የትምህርት ቤት ወረቀት የያዛችሁ አምጡላቸው፤ ያነቡላችኋል፣ ከፈለጋችሁም እዚያው ቶር ያስይዙላችኋል። ዛሬ ያልያዛችሁ በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ እዚሁ አሉ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።