ከተማ ሲሰፋ


ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቈረቈረች፣ ገብስና በግ ያኖሯት የደጋ ከተማ ናት። ዛሬ ግን መልኳ ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲያችን ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በዳርቻዋ ገብስ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ቆርቆሮ ለብሷል። ሥራ ላጣ ወጣት ይህ ተስፋ ነው፤ እኛም ደስ ይለናል።

ነገር ግን እርሻውን የለቀቀው ገበሬስ? ለዘለቄታው ለሚፈናቀል ሰው የሚሰጠው ካሣ በ1997ቱ አዋጅ የዐሥር ዓመት ገቢ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት ከፍ አድርጎታል። መሻሻሉ እውነት ነው። ሆኖም እርሻ ልጅንም የልጅ ልጅንም ይመግባል፤ ገንዘብ ግን ካልሠሩበት ያልቃል።

እኛም ከከተማዋ ማደግ ከተጠቀሙት ወገን ነን። ስለዚህ ማዘን ብቻ አይበቃንም። የሕግና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች በዕረፍት ቀናችን ወደ ገበሬው ደጅ ሄደን፣ ሳይፈርም በፊት የካሣውን ስሌት እናንብብለት፤ ስሕተት ቢገኝ አቤቱታውን እንጻፍለት። ከተማ አደገ የሚባለው ነባሩም አብሮ ሲያድግ ነውና።