ደብረ ብርሃንና የመንዝ በግ ጠጕር



ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት ዓመት የቈረቈሯት ከተማ ናት። ስሟንም ያገኘችው በዚያ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለላት፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት።

የሱፍ ፋብሪካ በዚያ መተከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ ባለው ውርጫም ደጋ የመንዝ በግ ይረባል፤ ጠጕሩ ሻካራ ቢሆንም ለምንጣፍ የተስማማ ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፥ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ፋብሪካ ሳይታሰብ አገሬውን ከብርድ ሲያድነው የኖረ ይኸው ሙያ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትመረምሩና ዕቅድ የምታወጡ ሁሉ፥ አንድ ነገር አስቡ። በከተማይቱ ፋብሪካው ቢበዛ፥ የደጋው ገበሬ ግን የሸለተውን ጠጕር የሚገዛው አጥቶ ቢጥለው፥ ልማቱ ግማሽ ነው። ኢንዱስትሪ የሚጸናው በዙሪያው ያለው ባላገር ሲጠቀም ነው፤ ሥሩ የደረቀ ዛፍ ቅጠሉ አይለመልምምና።