በሩን በእግራቸው የከፈቱ ሰዎች

በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር





አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ አሜሪካ ታሪክ ጥቂት ተናገር» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ዕድሜዬን ናይሮቢ ውስጥ ስኳርና ሩዝ ስመዝን የጨረስኩ ባለ ሱቅ ነኝ። ነገር ግን ከመካከላችን ወደ አሜሪካ ሰው ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነውና፣ ያ በር በማን እንደ ተከፈተ ላወራችሁ ወደድኩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የእኅቴን ልጅ ወደ አሜሪካ ስሸኝ፣ ኤርፖርት በር ላይ «እዚያ ስትደርስ ከጥቁሮቹ ራቅ በል» ብዬ መከርኩት። ቁም ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ደውሎ «ጋሼ፣ መኪና መንዳት ያስተማረኝም፣ ሥራ ያስገባኝም ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቴ ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ ደግሞ ሐበሻ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም» አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ጭር ሲል የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ ረጅም ነው። በ1619 ተማርከው የተሸጡ አፍሪካውያን ወደ ቨርጂኒያ ገቡ። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል አምስቱ ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠሩ አደረገ። ባለ ሱቅ ነኝና ሒሳቡ ቶሎ ገባኝ፤ ባሪያው ራሱ ድምፅ የለውም፣ የጌታውን ወንበር ለማብዛት ግን ይቆጠራል። በ1865 ባርነት በሕግ ቀረ። በ1870 ማንም በዘሩ ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል ተደነገገ። ይሁን እንጂ የደቡብ ክፍላተ ሀገር በምርጫ ግብር፣ በንባብ ፈተናና በማስፈራራት የሰጡትን መልሰው ነጠቁ። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ «እኩል ይሁን እንጂ መለያየት ይቻላል» ብሎ ፈረደ። ሕጉ በወረቀት አንድ፣ ኑሮው ሌላ ሆነ።

አሁን ወደ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ወደምትባል ከተማ እንሂድ። እዚያ ጥቁር ሰው በአውቶቡስ ሲሄድ እኩል ከፍሎ ከኋላ ይቀመጣል፤ ወንበር ሲጠብም ለነጭ ይነሣል። በማርች 1955 ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ አልነሣም ብላ ታሰረች። ዲሴምበር 1 ቀን ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ እንዲሁ አልነሣም ብለው ታሰሩ። ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ የኮሌጅ መምህርት በዚያው ሌሊት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወረቀት አባዝተው «ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር» ብለው አስበተኑ። ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዋሉ። በዚያኑ ቀን ሕዝቡ ማኅበር አቋቁሞ የ26 ዓመቱን ወጣት ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግን ሊቀ መንበር አደረገ።

ይህ ነገር 381 ቀን ቆየ። ባለ ታክሲዎች በአውቶቡስ ዋጋ በ10 ሳንቲም ሲጭኑ፣ ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች እንዳያስከፍሉ አስገደዳቸው። መኪና ያለው መኪናውን አወጣ፤ ወደ 300 የሚሆኑ መኪናዎች በተራ ሰው ያመላልሱ ጀመር። ኢንሹራንሳቸው ሲሰረዝ ከለንደን ኢንሹራንስ ገቡ። የቀረው ሕዝብ በእግሩ ሄደ።

ለቤንዚን ገንዘብ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ወጥ ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ ይሸጡና ገንዘቡን ለማኅበሩ ያስገቡ ነበር። ከየት መጣ ሲባሉ «ከየትም» ይላሉ። የአብዛኞቹ እንጀራ በነጮች ቤት ስለ ሆነ ስማቸው ቢታወቅ ይባረራሉ። ወይዘሮ ጊልሞር በኪንግ ችሎት ቀርበው በመመስከራቸው ከሥራ ተባረሩ፤ በገዛ ቤታቸው ምግብ መሸጥ ጀመሩ እንጂ ወደ ኋላ አላሉም።

በጃንዋሪ 1956 የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። በፌብሩዋሪ ወደ 90 የሚሆኑ ሰዎች ተከሰሱ። ክሎዴት ኮልቪንና ሌሎች ሴቶች ግን ጉዳዩን በፍርድ ቤት ተከራክረው ረቱ፤ በኖቬምበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸናው። ዲሴምበር 21 ሕዝቡ አውቶቡስ ተሳፍሮ በፈለገው ወንበር ተቀመጠ።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገናኘው? በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ከሞንትጎመሪ የተነሣው ትግል አድጎ ኦገስት 6 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ ሰውን በትውልድ አገሩ የሚለየውን ኮታ የሚሽር ሕግ ተፈረመ። ዘር እየለዩ መብት መስጠት በአገር ውስጥ ነውር ሲሆን፣ በድንበርም ላይ ነውር ሆነ። የ1980ው የስደተኞች ሕግና ዲቪን ያመጣው የ1990ው ሕግ የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። የእኅቴ ልጅ የገባው በዚያ በር ነው። ራቃቸው ያልኩትም በሩን የከፈቱለትን ሰዎች ነበር።

በር ደግሞ ተከፍቶ አይቀርም። በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲታገድ፣ ሻንጣቸውን አሥረው የቀሩ ልጆች እዚሁ ናይሮቢ አይተናል። መብት አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን እንደ ማኅበር መዋጮ በየጊዜው የሚከፈል ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ብሸኛችሁ ምክሬ ሌላ ነው። እዚያ ስትደርሱ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት ካያችሁ፣ እንደ አባት እጅ ነሥታችሁ ሰላም በሉ፤ ከተከፋችሁም አብራችሁ ቁሙ።

እዚህ ለምንቀረው ደግሞ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የወሩ መዋጮ መቶ ሁለት መቶ ሽልንግ ምን ያደርጋል ስትሉ፣ የወይዘሮ ጊልሞርን ኬክ አስቡ።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያድርስልን።